ጎረቤት ቤት ኦቲዝም ያለው ልጅ ሲኖር፦ ለብሎኩ፣ ለመንደሩና ለእድሩ የአሠራር መመሪያ

«የጎረቤታችን ልጅ ኦቲዝም አለው ተብሏል። ማገዝ እንፈልጋለን፤ ግን ከየት እንጀምር?» ይህ ጥያቄ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ አሁን አሁን ደግሞ በሰንዳፋ መንገድ ዳር ካሉ መንደሮች ሳይቋረጥ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ብዬ በአንድ ቦታ አሰፈርኩት።

መመሪያው የተጻፈው ለጎረቤት ነው፦ ለብሎክ ኮሚቴ፣ ለእድር ዳኛ፣ ለባለ ሱቁ፣ ለጥበቃው፣ ቡና ለምትጣጡት ሴቶች። ከከተማው ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ሆስፒታሉም ማዕከሉም ሁለት ሦስት ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ነው። ቀን በቀን ከእናትየዋ አጠገብ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ለዚህ ቤተሰብ የሚጠቅመው አንድ የታወቀ ሥራ በታወቀ ሰዓት ሳያቋርጡ መሥራት ነው። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ብሎ መሄድ አይጠቅማትም።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ኦቲዝም አእምሮ ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በዘር የሚወረስ ነገር ነው። የእናት ኃጢአት፣ የአያት እርግማን፣ የሰው ዓይን፣ ክትባት፣ የስልክ ብዛት፣ አንዳቸውም አያመጡትም። ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ ጎረቤት መንስኤ መፈላለግ ሲጀምር እናት በሯን ስለምትዘጋ ነው። በሩ ከተዘጋ ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይሠራም።

አይተላለፍም። የሚያጠፋው መድኃኒትም የለም፤ ሐኪም መድኃኒት የሚያዘው አብሮ ላለ ችግር ነው፦ ለሚጥል በሽታ፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ ራስን እስከ መጉዳት ለደረሰ ቁጣ። ልጆቹም አንዱ ከሌላው በጣም ይለያያሉ። አንዱ ቃል አይወጣውም፤ ሌላው የሰማውን ማስታወቂያ ቃል በቃል ይደግማል፤ ሌላዋ ጎበዝ ተማሪ ሆና የጓደኞቿን ቀልድና ኩርፊያ መለየት ግን ይቸግራታል። ስለዚህ የአክስታችሁን ልጅ ስላወቃችሁ ይህኛውን ያወቃችሁ አይምሰላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በግምት ከ127 ሰዎች 1 ሰው ኦቲዝም እንደነበረው ይገልጻል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚኖርበት የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ አንድ ቤት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የምታዩት አንዱን ከሆነ ሌሎቹ ከቤት አይወጡም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አብዛኛው ቤት ውስጥ ወይም ሰፈር ሱቅ ይገኛል።
- አንድ ደብተርና እስኪሪብቶ
- ወፍራም ካርቶን (የብስኩት ወይም የፓስታ ካርቶን ይበቃል)፣ መቀስ፣ ስኮች
- በውሃ የማይለቅ ማርከር
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ፣ የፎቶ ማተሚያ ትንሽ ገንዘብ
- ለበር የሚሆን ቃጭል ወይም ትንሽ ደወል፣ ከፍ ተደርጎ የሚገጠም መቀርቀሪያ
- ጆሮን ከጩኸት የሚከልል ማዳመጫ መሰል ነገር፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት። ካልተገኘ ጆሮ የሚሸፍን ወፍራም ኮፍያ
- አንድ ጋቢ
- ቃላቸውን የሚጠብቁ 3 ወይም 4 ሰዎች። ሃያ ሰው ካለበት የቴሌግራም ግሩፕ እነዚህ ይበልጣሉ።

ደረጃ 1፦ ቤተሰቡን ጠይቁ፤ ሲጠይቁም ሥራውን ለይታችሁ

ቡና ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አይሁን። አንድ ሰው፣ እናትየዋ ከሁሉም የምትቀርባት፣ ብቻዋን ሄዳ ትጠይቃት። አባትየውን ደግሞ ወንድ ጎረቤት ያነጋግረው፤ አባቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ነው ዝም የሚሉት።

አጠያየቁ እንዲህ ነው፦ «የናሆም እናት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ውሃ ሲመጣ ጀሪካኖችሽን እኔ ልሙላልሽ?» ወይም «ቅዳሜ ከሰዓት ከ9 እስከ 11 ሰዓት እኔና እህቴ እዚህ እንቀመጣለን፤ አንቺ ገበያ ሂጂ።» በዕድሜ ለምትበልጣችሁ «እትዬ፣ ለርስዎ ምን ልሥራልዎ» ከማለት «እትዬ፣ ነገ ወፍጮ ቤት ስሄድ የርስዎንም እህል ልውሰድልዎ» ይሻላል።

እንዲህ የሚደረገው ስለ ሁለት ነገር ነው። የደከመ ሰው ሥራ አስቦ ማከፋፈል ራሱ ሥራ ይሆንበታል። ደግሞም አገራችን ይሉኝታ አለ፤ «ምን ልርዳሽ» ስትባል «ኧረ ምንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትመልሳለች። ሥራው ከተጠራላት ግን እሺ ለማለት ይቀላታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤተሰቡ የነገራችሁን የልጁን ነገር ያለ ፈቃዳቸው ለሌላ አትንገሩ። ለጸሎትም ይሁን።

ደረጃ 2፦ የልጁን አንድ ገጽ አብራችሁ ጻፉ

እናትየዋ እየተናገረች እናንተ ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የጥበቃው ሠራተኛ ቆሞ የሚያነበው መሆን አለበት። ለምሳሌ፦

«ናሆም 8 ዓመቱ ነው። አይናገርም፤ የፈለገውን እጃችሁን ይዞ ይወስዳችኋል። ሲጠራ ላይዞር ይችላል፤ ይሰማል ግን። የሚወደው፦ ባጃጅ፣ የውሃ ድምፅ፣ ደረቅ ዳቦ። የማይችለው፦ የጄኔሬተር ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት፣ ራሱን መነካት። ሲጨንቀው ጆሮውን ይይዛል፣ ይወዛወዛል፤ ያኔ ሰው ወደሌለበት ደረጃ ሥር ውሰዱት። ከእጅ ካመለጠ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። የሚጥል በሽታ የለበትም።» ከሥር የእናትና የአባት ስልክ።

ኮፒው የሚሰጠው ቤተሰቡ ስማቸውን ለጠራቸው ሰዎች ብቻ ነው። የብሎኩ በር ላይ አይለጠፍም፣ ግሩፕ ላይ አይወጣም። ይህ ወረቀት የሚጠቅመው እናትየዋ ታማ ወይም ርቃ ባለችበት ቀን ልጁን የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ እንዳይሆን ነው። በየስድስት ወሩ አድሱት፤ ልጅ ይለወጣል።

ደረጃ 3፦ ከልጁ ጋር ተዋወቁ

መጀመሪያ ሥራ ሳይኖራችሁ ሂዱ፤ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እሱ ጠርሙስ ክዳን ከደረደረ እናንተም ሌላ ክዳን ይዛችሁ ጎን ለጎን ደርድሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንድ ክዳን አቀብሉት። ከተቀበለ ትውውቁ ተጀምሯል።

ሲያናግሩት አጭር ይሁን፦ «ናሆም፣ ጫማ አድርግ።» ብላችሁ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ቃሉ ሰምቶት ትርጉሙ እስኪደርሰው ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ሳትታገሡ ደግማችሁ ከጨመራችሁበት እንደገና ከሀ ይጀምራል። «ዓይኔን እየኝ» አትበሉት። ብዙዎቹ ዓይን ሲያዩ ጆሯቸው ይጠፋባቸዋል፤ ወለል እያየ የሚሰማችሁ ልጅ እየሰማችሁ ነው።

ሦስት የኛ አገር ልማዶች እዚህ ጋ ይቆዩ። ጉንጭ መሳም፣ ራስ መዳበስ፣ ጉርሻ። በፍቅር የምናደርጋቸው ናቸው፤ ቆዳው ወይም ምላሱ ከሌላው ሰው በላይ ለሚሰማው ልጅ ግን ድንገተኛ ጥቃት ይሆኑበታል። እጃችሁን ዘርጉና እሱ ይምረጥ። ወጥ ያልነካው ደረቅ እንጀራ ብቻ የሚበላ ልጅ ካለ «አልቀጣሽውም» አትበሏት፤ ምግብ መምረጥ ከኦቲዝሙ ጋር የሚመጣ ነው። አንድ የማይወደውን ነገር በሳህኑ ጠርዝ ላይ ማስቀመጥና አለማስገደድ፣ ከጊዜ በኋላ እንዲነካው የሚያደርገው ይህ ነው። ክብደቱ ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ይታይ።

ለማይናገር ልጅ የሥዕል ካርድ መሥራት ትችላላችሁ፤ የሰፈር ወጣቶች በጣም የሚያግዙበት ሥራ ነው።

ሀ) የልጁን የራሱን ነገር በስልክ አንሱ፦ የራሱን ኩባያ፣ የራሳቸውን ሽንት ቤት በር፣ የሚወደውን ብስኩት። ከኢንተርኔት የወረደ ኩባያ የእሱ ኩባያ ስላልሆነ ላያገናኘው ይችላል።
ለ) በመዳፍ ልክ አሳትማችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉና በስኮች ጠቅልሉት። ምራቅና ውሃ ይነካዋል።
ሐ) በሁለት ካርድ ጀምሩ፤ ሁለቱም የሚወደው ነገር ይሁኑ። «ተቀመጥ» እና «ዝም በል» በሚሉ ካርዶች አትጀምሩ።
መ) ካርዱን ሲሰጣችሁ ቃሉን አንድ ጊዜ ተናገሩ፣ «ብስኩት»፣ ወዲያው ስጡት። «በኋላ» ካላችሁት ካርዱ እንደሚሠራ አይማርም።
ሠ) ካርዶቹ ልጁ በሚደርስበት ከፍታ ይንጠልጠሉ። ለባለ ሱቁም ሁለቱን ስጡት።

ካርድ መጠቀም ልጁን ከመናገር አያዘገየውም። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ደጅ አማርኛ የሚነገርበት ቤተሰብም ከሆነ «አንዱን ተዉለት» አትበሉ፤ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለውን ልጅ አይጎዳም። እናት ልጇን በምታቅፍበት ቋንቋ ታናግረው።

ደረጃ 4፦ ልጁ ሲፈነዳ ምን እንደሚደረግ

ሚኒባስ ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ደረጃ ላይ ልጁ ድንገት ይጮኻል፣ ራሱን ይመታል፣ መሬት ላይ ይወድቃል። ሰው የሚፈርደው በዚያች ደቂቃ ነው፤ እናትየዋም ከቤት መውጣት የምታቆመው በዚያች ደቂቃ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህን ደረጃ በደንብ አንብቡት።

ከእልህ ለዩት። እልህ የያዘው ልጅ እያያችሁት እንደሆነ ያጣራል፤ የፈለገውን ሲያገኝ ያቆማል። ይህኛው ልጅ የፈለገውን ብትሰጡትም አያቆምም፤ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ግፊያው፣ የዕቅድ መለወጡ ተጠራቅሞ ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ያኔ ምክርም ቁጣም አይገባውም፤ እያንዳንዱ ቃል ተጨማሪ ጩኸት ነው።

1. ሰው ከዙሪያው እንዲርቅ አድርጉ። ከሁሉም በላይ የሚረዳው ይህ ነው። «እባካችሁ፣ አየር እንስጠው» በቂ ነው፤ ማብራሪያ አያስፈልግም። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ካለ በትህትና አስቁሙ።
2. የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እናቱ ካለች እሷ። እሷን «እንዲህ አድርጊ» አትበሏት፤ ዘንቢሏን ያዙላት፣ ሌላውን ልጅ ጠብቁላት።
3. ድምፅና ብርሃን ቀንሱ፤ ሬዲዮ ዝጉ፣ ወደ ጥላ ወይም ወደ ደረጃ ሥር አስጠጉት፣ ጆሮ መከለያውን አቀብሉት።
4. ራሱን ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ከመታ ጋቢውን አጥፋችሁ በመሀል አስገቡ። እጅና እግሩን አትያዙ። መያዝ የሚፈቀደው መኪና መንገድ ወይም ገደል ካለ ብቻ ነው፤ በሆዱ አስተኝቶ መጫን ግን ትንፋሽ ስለሚከለክል በምንም ሁኔታ አይደረግም።
5. ጠብቁ። ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ከዚያም ሊረዝም።
6. ሲረጋ ውሃ ስጡትና ተዉት። «ለምን እንዲህ አደረግህ» የለም። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ በጣም ይደክማቸዋል።

ማታ ላይ፣ እናትየዋ ከፈቀደች፣ ከመፈንዳቱ በፊት ምን እንደነበር ደብተር ላይ ጻፉ፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ድምፁ፣ መጨረሻ የበላበት ሰዓት። ከተወሰኑ ጊዜያት በኋላ የሚደጋገም ነገር ይታያችኋል። መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን ሲያመው ወይም ሆዱ ሲደርቅ የሚናገረው በዚህ መንገድ እንደሆነ አትርሱ፤ ድንገት የባሰበት ልጅ መጀመሪያ ለሕመም ይመርመር።

በታክሲ ለሚሄዱ፦ ሰልፉ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መሄድ፤ ከተቻለ ጋቢና ይዞ የሁለት ሰው መክፈል። እድሩ ወይም ብሎኩ ይህችን ትርፍ ሂሳብ ቢሸፍን ከብዙ ምክር ይበልጣል። የሰፈሩን ተራ አስከባሪዎች አንድ ጊዜ አነጋግሩ፤ ልጁን ካወቁት ከሰልፉ ያወጡታል።

ደረጃ 5፦ ሰፈሩን ከአደጋ ጠብቁ፤ ቢጠፋም ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ተስማሙ

ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ልጆች ድንገት ይወጣሉ፤ አደጋ ምን እንደሆነም ላይለዩ ይችላሉ። ብዙዎቹን ውሃ ይስባቸዋል። እኛ የምንኖርበት ደግሞ ያልተከደነ የፍሳሽ ቦይ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚይዝ የግንባታ ጉድጓድ፣ አሮጌ የድንጋይ ካባ፣ ወንዝ፣ አጥር የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ሲኖትራክ የሚበርበት መንገድ ያለበት ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ከልጁ ቤት ጀምራችሁ ዙሪያውን በእግር ሂዱ፤ ውሃ ያለበትንና ጉድጓድ የሆነውን ሁሉ በደብተሩ ላይ በንድፍ አስቀምጡ። ሊከደን የሚችለውን ክደኑ፤ የማትችሉትን ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ፣ የተቀበሉበትን ቀን ይዛችሁ። ቤቱ በር ላይ ቃጭል ስቀሉና መቀርቀሪያውን ልጁ ከማይደርስበት ግጠሙ፤ በእሳት ጊዜ ግን ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ወዲያው የሚከፍተው መሆን አለበት። ከውጭ የሚቆለፍ ቁልፍ አይሆንም። የወላጅ ስልክ ቁጥር በማርከር ጨርቅ ላይ ተጽፎ በልብሱ ውስጥ በኩል ይሰፋ። ስሙ አይጻፍበት፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ጠርቶ እንዳይወስደው።

ልጁ ጠፋ ሲባል፦

1. አንድ ሰው ቤት ይቅር፤ ልጆች ራሳቸው ይመለሳሉና።
2. የሚሮጡት መጀመሪያ ወደ ውሃ ይሂዱ። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ። መስጠም ደቂቃ አይሰጥም፤ ስለዚህ የተደበቀበትን ቁም ሣጥን ከማየት በፊት ጉድጓዱ ይታይ።
3. ወዲያው 991 ደውላችሁ ለፖሊስ ንገሩ። «24 ሰዓት ሳይሞላው» የሚባለውን አትጠብቁ።
4. ለባጃጅ ተራ፣ ለየብሎኩ ጥበቃና ለባለ ሱቆች ፎቶውን ላኩ። በዚህ ጊዜ ግሩፕ ይጠቅማል፤ ሲገኝ ግን ፎቶው ይጥፋ።
5. ብዙ ሰው በአንድ ላይ ስሙን እየጠራ አይጩኽ፤ ፈርቶ ይሸሸጋል። የሚወደውን ዘፈን በስልክ ክፈቱ፣ የሚወደውን ብስኩት ያዙ።
6. ስታገኙት አትሩጡበት፣ አትቆጡት። ከጎን ቀርባችሁ አብራችሁ ተራመዱ።

የምታውቁት ልጅ ከቤት እንዳይሸሽ ቢታሰር ወይም ቢቆለፍበት፣ በመጀመሪያ ፍርድ አትስጡ። አብዛኛው እናት የምታስረው ሥራ ካልሄደች ስለማይበሉና የሚጠብቅላት ስለሌለ ነው። የምትሄድበትን ሰዓት ጠይቁ፣ ያንን ሰዓት ሸፍኑ፣ በሩን አስተካክሉ፤ ገመዱ የሚፈታው ያኔ ነው። ልጁ እየተደበደበ ወይም እየተጎዳ ከሆነ ግን ዝም አይባልም፤ ለፖሊስና ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይነገር።

ደረጃ 6፦ የሚጥል በሽታ ቢነሳበት

ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች የሚጥል በሽታም ያለባቸው ብዙ ናቸው። ሰዓት ያዙ። ዙሪያውን ከጠንካራ ነገር አጽዱ፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቀንስ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም። ክብሪት አጭሶ ማሽተት አይጠቅምም፣ ያቃጥለዋል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ 907 ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

ቤተሰቡ ጠበል የሚሄድ ከሆነ እምነቱ የራሱ ነው፤ አብራችሁም መሄድ ትችላላችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ጠብቁ፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ አይታሰር፣ አይመታ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቆም የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። ለካህኑም ይህንን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 7፦ የእረፍት ተራ አውጡ

በሳምንት ሁለት ሰዓት እናት ከቤት የምትወጣበት ጊዜ ይኑር። ተራው የሚወጣው ከ3 እስከ 4 ሰው ነው፤ የበዛ ፊት ልጁን ያስጨንቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊዜያት እናትየዋ ቤት ትሁን። ቀኑና ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ የማትመጡ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩ። ይህ ልጅ ቀኑን የሚይዘው በቅደም ተከተሉ ነው፤ ቅዳሜ ሳይመጣ የቀረ ሰው የሚያስከትለውን ሌሊቱን ሙሉ የምትሸከመው እናትየዋ ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንም ሰው፣ የታመነም ቢሆን፣ ከልጁ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይሁን። ሁለት ትልቅ ሰው፣ በሩ ክፍት። ሽንት ቤት የሚወስደውና ልብስ የሚቀይረው ቤተሰቡ የመረጠው ሰው ብቻ ነው። የደረሰበትን መናገር የማይችል ልጅ ለሚያጠቃ ሰው ቀላል ዒላማ ነው፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል ከሆነ ማንም አይቀየምም።

ወንዶች የምትሠሩት ብዙ አለ። ፀጉር ማስቆረጥ አንዱ ነው፦ የማሽኑ ድምፅ የሚያስጮኸው ልጅ ካለ ፀጉር አስተካካዩ በመቀስ ቤት መጥቶ ይቁረጠው፤ አባትየው አጠገቡ ይሁን። ወንድምና እህቶቹን ደግሞ አትርሱ። እነሱን የቤት ሥራ አሠሯቸው፣ ኳስ ጨዋታ ውሰዷቸው፤ «ወንድምህን ጠብቅ» ብላችሁ ጠባቂ አታድርጓቸው።

እድሩ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ለቅሶና ስብሰባ ለቀረችበት የሚቆረጠውን ቅጣት ያንሳላት፤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ «ሰው የሚያስጠብቅ ሕመምተኛ ያለበት» የሚል አንቀጽ ካለ በዚያ ይካተት፣ ከሌለም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለሕክምና መመላለሻ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ይመድብ።

ደረጃ 8፦ ለበዓል፣ ለሠርግና ለለቅሶ አስቀድማችሁ አሳውቁ

ለነሐሴ 13 ከሳምንታት በፊት ጅራፍ ይጮኻል፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ርችት ይተኮሳል። ልጁን የሚያስደነግጠው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁም ነው። ሆያ ሆዬ የሚሉትን ልጆች ሰብስባችሁ ከዚያ ቤት በር ላይ ዱላቸውን ሳይመቱ ቀስ ብለው እንዲዘፍኑ፣ ጅራፉን ሜዳ ወርደው እንዲያጮኹ ንገሯቸው። ልጆች ምክንያቱ ከተነገራቸው ከትልልቆች ይልቅ ይጠነቀቃሉ። ሠርግ ያለበት ቤት ስፒከሩን ወደ የት እንደሚያዞርና ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ ይንገራት፤ እሷም ያን ዕለት ሌላ ቤት ልታሳድረው ትችላለች።

በልጁ በራሱ ቤት ለቅሶ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ዕቃው ይወጣል፣ እናቱ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፣ ሁሉም ይጮኻል። ያን ቀን አንድ ጎረቤት ሥራው ልጁ ብቻ ይሁን። ምግብ በሚበላበት ሰዓት የሚበላውን፣ በራሱ ሳህን፣ ካርዶቹን ይዞ፣ ጸጥ ባለ ቤት። ሁኔታውን በአጭሩ ንገሩት፦ «አያትህ ሞተዋል። አይመለሱም። እናትህ አዝናለች፤ ነገ ታያታለህ።» «ተኝተዋል» ወይም «ሩቅ ሄደዋል» ቃል በቃል ሊወስደው ይችላል፤ መተኛት ያስፈራዋል፣ ወይም በር ላይ ይጠብቃቸዋል።

ደረጃ 9፦ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት አብራችሁ ሂዱ

ልጁ ገና ያልታየ ከሆነ፣ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ አንድ ዓመት ተኩል አልፎት በጣቱ የማይጠቁም፣ የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ጊዜ ሳይሰጠው ይታይ። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ማለት ዓመታት ይበላል። እናንተ ግን ኦቲዝም ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ የመስማት ችግርም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል የጆሮ ምርመራ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ያለው ቤተሰብ ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል ከሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 እና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ደብተሩን፣ የክትባት ካርዱን፣ በስልክ የተቀረጹ አንድ ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎች። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ልጁ በቤት እንደሚሆነው አይሆንም፤ ቪዲዮው ያንን ያሳያል። አብራችሁ የምትሄዱት ተራ ለመያዝና ልጁን ውጭ ለማዘዋወር ነው፤ ስሙ ሊጠራ ሲል ትደውላላችሁ።

ከማዕከላት ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ ኦቲዝም ማዕከል፣ ሌላው ደግሞ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ይታወቃሉ። ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ዛሬውኑ አስመዝግቡ፤ እስከዚያ ግን የካርዱንም የተራውንም ሥራ አታቁሙ። ልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ልጁን «አንችለውም» ብሎ የመለሰ ትምህርት ቤት ካለ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የሚባለው በጽሑፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይለዝባል።

ያደጉትን በተመለከተ

ልጅ ሆኖ አይቀርም። የ25 ዓመት ሰው ቢሆን «ሚጢጢዬ» አይባልም፤ ስለ እሱ የሚወራውም እሱ እንደሌለ ተደርጎ አይወራም። ሥራ ስጡት፦ ዳቦ መቁጠር፣ ጠርሙስ መለየት፣ ዕቃ መደርደር፣ ግቢ ማጠጣት። ትዕዛዙ በቅደም ተከተል በሥዕል ወይም በጽሑፍ ይሁን፤ ለሠራበትም ክፈሉት። ለጥበቃና ለአካባቢ ፖሊስ ቀድማችሁ አስተዋውቁት፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ለጥያቄ የማይመልስና የሚሮጥ ከሆነ ሌባ ተብሎ ሊደበደብ ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

- የእናትየዋን ፊት እያዩ ማልቀስ። ከዚያ በኋላ እሷ እናንተን ማጽናናት ይኖርባታል።
- በየሳምንቱ አዲስ መድኃኒተኛ ወይም አዲስ ዘይት ይዞ መምጣት። ኦቲዝም «አድናለሁ» የሚል ሰው ገንዘቧን ነው የሚፈልገው።
- ሲወዛወዝ ወይም እጁን ሲያርገበግብ ማስቆም። ራሱን የሚያረጋጋበት ነው፤ ካልጎዳው ተዉት።
- በጣፋጭና በስልክ ዝም ማሰኘትን ከእናትየዋ ሳይማከሩ መጀመር።
- ስትጀምሩ ብዙ ቃል መግባት። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የምትችሉት፣ በወር አንድ ጊዜ በሉ።

ቤተሰቡ «አንፈልግም» ቢል

ብዙ ጊዜ ተስፋ ተሰጥቷቸው የቀረባቸው፣ ብዙ ጊዜ የተወራባቸው ናቸው። አትግፉ፣ አትቀየሙም። በር ላይ ስታገኟቸው ለልጁም ለእናቱም እኩል ሰላምታ ስጡ፣ ልጁን በስሙ ጥሩት ባይመልስም። የራሳችሁን ልጆች አብረው እንዳይጫወቱ አትከልክሉ። ጉድጓዱን ክደኑ፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ከወር ሁለት ወር በኋላ አንዷ ሄዳ፣ አንድ ሥራ ጠርታ፣ እንደገና ትጠይቃት።